የእህል ነጋዴው ዕውቀት በጽሑፍ ስለሚያዝበት መንገድ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያዝዝ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243ም እንዲሁ ያዝዛል። ከዚህም የተነሣ ስንት ኩንታል እንደ ተገዛና በስንት ብር እንደ ተሸጠ በየመደብሩ ተጽፎ ይገኛል። ዳሩ ግን ገዢው ያንን እህል ስለ ምን እንደ መረጠው፣ ሌላውንስ ስለ ምን ትቶት እንዳለፈ የሚናገር መዝገብ የለም። ትርፍና ኪሳራውን የሚወስነው ግን ይኸው ያልተጻፈው ክፍል ነው።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ እንደ መሆንዋ፣ የደጋው ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ከሚመጣው ማሽላ ጋር ይገናኝባታል፤ ከዚያም በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ይጫናል። በእንዲህ ያለው ገበያ ብዙ ዘመን የኖረ ገዢ የጆንያውን አፍ አይቶ አይረካም። እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ከመካከልና ከታች ይዘግናል፤ ሙቀቱን በመዳፉ ይለካል፤ ያሸታል፤ ገለባውን እፍ ብሎ ይለያል፤ ሁለት ፍሬ ስንዴም በጥርሱ ይነክሳል። ደረቅ ፍሬ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እርጥብ ፍሬ ግን ሳይሰበር ይጎደጎዳል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው ይህንኑ በቁጥር ያነበዋል። ስንዴ ለብዙ ወራት እንዲቀመጥ ሲታሰብ እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታና ነቀዝ ይፈጥናል። ይህ ዕውቀት ያለው ሰው ሲሞት ወይም ወደ ልጆቹ አዲስ አበባ ሲገባ፣ በቦታው የሚተካው ወጣት የመጀመሪያውን ትምህርት የሚማረው በጌታው ገንዘብ ነው።

እንዲህ ያለው ጥፋት በታላላቅ መንግሥታትም ደርሶአል። አሜሪካውያን ለጦር መሣሪያ ያገለግል የነበረና ፎግባንክ የተባለ አንድ ነገር ነበራቸው፤ በቴኔሲ ክፍለ ሀገር እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሠርተው ተዉት። እንደ ገና ባስፈለጋቸው ጊዜ ግን የተያዘው ማስታወሻ ጥቂት፣ የሚያውቁት ሠራተኞችም ከሞላ ጎደል ጡረታ የወጡ ወይም ሥራውን የለቀቁ መሆናቸውን የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2009 እ.ኤ.አ. ገልጦአል። የሚያስደንቀውም፣ አዲሱ ፋብሪካ በብዙ ወጪ ተሠርቶ የድሮው ዓይነት አልወጣ ሲል የተገኘው ምክንያት ነው። በቀድሞው አሠራር ከጥሬ ዕቃው ጋር የሚገባ አንድ ባዕድ ነገር ነበረ፤ ለውጤቱም አስፈላጊ የነበረው እርሱ ሲሆን፣ የዛሬው የማጥሪያ ዘዴ አስወግዶት ኖሮአል። የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ራሳቸው ይህን አያውቁም ነበር። ስለዚህ መዝገብ የሚጽፍ ሰው የሥራውን ቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን ዕቃው ከየት እንደ መጣ፣ በምን ወር፣ በምን ዓይነት ጎተራ እንደ ተቀመጠ ጭምር መጻፍ ይገባዋል።

አጻጻፉስ እንዴት ነው? አዛውንቱን አስቀምጦ «እህል እንዴት ይገዛል?» ብሎ መጠየቅ ፍሬ የለውም፤ መልሱ «ጥሩውን እያየህ» ነው። አጠገቡ ቆሞ እጁን መከተል ይሻላል። «አባባ፣ ያንን ጆንያ ለምን ተዉት?» ብሎ በዚያው ቅጽበት የጠየቀ ጸሐፊ እውነተኛውን ምክንያት ያገኛል፤ ያልተገዛው እህል ከተገዛው ይልቅ ብዙ ያስተምራልና። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ለአንድ ጀማሪ ተሰጥቶ፣ አዛውንቱ ዝም ብለው እየተመለከቱ፣ በወረቀቱ ብቻ እንዲገዛ ይደረግ። ጀማሪው ግራ የተጋባበት ቦታ ሁሉ ጽሑፉ የጎደለበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ፍርሃት አለ። ለብዙ ዓመት ያገለገለ ገዢ ዕውቀቱን ከሰጠ በኋላ እንጀራው እንዳይቋረጥ ይሰጋል፤ መስጋቱም ትክክል ነው። ባለቤቱ ይህን ሥራ እንደ ተጨማሪ አገልግሎት ቆጥሮ ሊከፍልበት፣ የአዛውንቱንም ቦታ አስቀድሞ ሊያረጋግጥ ይገባል። አንዱ ተናግሮ ቢሰናበት የቀሩት አፋቸውን ይዘጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጻፍ አይኖርም።

ዛሬ ይህ ጉዳይ የተጣደፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በመምጣቱ ነው። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ለዚሁ የሚሆን ተቋም አቋቁሞአል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ፖሊሲ አጽድቆአል። መሣሪያው በአማርኛ ተጠይቆ በአማርኛ ይመልሳል፤ የመደብሩ መዝገብ ቢሰጠውም ለአዲሱ ሠራተኛ የአዛውንቱን ምክር በስልክ ሊያነብለት ይችላል። ነገር ግን መዝገቡ በጎደለበት ቦታ ዝም በማለት ፈንታ በተዋበ ቃል የራሱን ግምት የሚሞላበት ጊዜ አለና፣ ጽሑፉ የተፍታታ ይሁን። በእኛ ዘንድ በተለይ የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈውን መሣሪያው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሰዓት ሊወስደው ይችላል፤ ዓመቱም ያለ ዓ.ም. ከተጻፈ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይሳሳታል። ቁና ደግሞ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ የመደብሩ ቁና ስንት ኪሎ ስንዴ፣ ስንት ኪሎ ገብስ እንደሚይዝ ተመዝኖ በመጀመሪያው ገጽ ይጻፍ።

የዱቤ ደንበኞች ስምና ዕዳ ግን በዚህ መዝገብ አይግባ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቶአልና፣ የሰውን ምስጢር ወደ ማይታወቅ መሣሪያ መላክ ከሐሜት አልፎ በሕግም ያስጠይቃል። ከዚህም ሌላ ዋናው ቅጂ በወረቀት ይኑር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የተቀመጠ መዝገብ የነበረው ሰው እንዳልነበረው ተቆጠረ።

ሥራውን ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር፣ አዲሱ እህል ወደ ገበያ በሚወጣበት ወራት ነው። ስለ ተቀመጠ እህል፣ ስለ ነቀዝና ስለ ሻጋታ የሚመለከተው ክፍል ግን ያን ጊዜ ሊጻፍ አይችልም፤ ለእርሱ ክረምቱን መጠበቅ ያስፈልጋል።