ማሽኑ ሲቆም መጀመሪያ ፒኤልሲውን አትውቀሱ

በዚህ ዕትም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምዳችን በተለይ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከምረቃ በኋላ ቶሎ የሚገጥማቸውን አንድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። እሱም በፒኤልሲ የሚሠራ ማሽን ሲቆም ብልሽቱ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው።

ጉዳዩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባው ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 10 ተርባይኖች አሉት። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። እንዲህ ያሉ ተቋማት ያለ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ አይሠሩም። ወደ አነስተኛው ሥራ ብንወርድም በዱቄት ፋብሪካ፣ በውኃ ማሸጊያና በውኃ ፓምፕ ጣቢያ ውስጥ ፒኤልሲ የተለመደ ዕቃ ሆኗል። ብዙዎቻችን ሥራ የምንጀምረው እንዲህ ባለ ማሽን ፊት ቆመን ነው።

ፒኤልሲ ምንድን ነው?

ፒኤልሲ ለፋብሪካ ሥራ የተሠራ ጠንካራ ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካው የመኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ በብዙ ሪሌዎች የተሞሉ የመቆጣጠሪያ ሳጥኖችን የሚተካ መሣሪያ ይፈልግ ነበር። የመኪናው ሞዴል በተለወጠ ቁጥር ሽቦውን ሁሉ እንደገና ማሰር አድካሚና ውድ ሆኖበት ነበርና። በ1969 የቀረበው ሞዲኮን 084 የተባለው መሣሪያ ሽቦ መቀየርን በፕሮግራም መቀየር ተካው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሴንሰርና ከማብሪያ የሚመጣውን ምልክት በኢንፑት በኩል ያነባል፤ በፕሮግራሙ መሠረት ይወስናል፤ ከዚያ በአውትፑት በኩል ሞተር ወይም ቫልቭ ያዛል። ይህንንም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ እየደጋገመ ይሠራል።

ብልሽቱ ከወዴት ነው?

ማሽን ሲቆም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቃል «ፒኤልሲው ተበላሽቷል» የሚል ነው። ነገር ግን ፒኤልሲው በተዘጋ ፓነል ውስጥ ተቀምጧል። ሴንሰሩ፣ ሽቦው፣ ማብሪያውና ሞተሩ ግን አቧራ፣ ውኃ፣ ሙቀትና ንዝረት ባለበት ይውላሉ። ስለዚህ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከፓነሉ ውጭ ነው። ፒኤልሲውን እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ምስክር ብናየው ይሻላል፤ በላዩ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ችግሩ በየትኛው ወገን እንዳለ ይነግሩናል።

በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የከረጢት ማመላለሻው አልነሣ አለ እንበል። በዚህ ቅደም ተከተል እንሂድ።

አንደኛ፣ የኃይል አቅርቦቱን እንለካ። የብዙ ፒኤልሲዎች መቆጣጠሪያ ቮልቴጅ 24 ቮልት ዲሲ ነው። ለምሳሌ በሰፊው የሚታወቀው የሲመንስ ኤስ7-1200 ከ20.4 እስከ 28.8 ቮልት ድረስ ይሠራል። ከዚያ በታች ከወረደ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው ወይም አንድ ቦታ ሾርት አለ። የራን፣ የስቶፕና የኤረር መብራቶችንም እንይ።

ሁለተኛ፣ የኢንፑት መብራቱን ከእውነታው ጋር እናስተያይ። ከረጢቱ ሴንሰሩ ፊት ቆሞ ሳለ መብራቱ ካልበራ ችግሩ ከሴንሰሩ እስከ ተርሚናሉ ባለው መንገድ ላይ ነው። ምናልባት የሴንሰሩን ዓይን ዱቄት ሸፍኖታል፤ ወይም ሽቦው ላልቷል። እዚህ ላይ «ቮልት አለ» ማለት ብቻ አይበቃም። በተለመደው የ24 ቮልት ኢንፑት ከ15 ቮልት በላይ «በርቷል»፣ ከ5 ቮልት በታች ደግሞ «ጠፍቷል» ተብሎ ይነበባል፤ በመካከሉ ያለው ግን ዋስትና የለውም። አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ብልሽት አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ኢንፑቶቹ ሁሉ ትክክል ሆነው አውትፑቱ ካልበራ ፕሮግራሙ የሚጠብቀው ነገር አለ ማለት ነው። ላፕቶፕ አገናኝተን ምንም ሳንቀይር የትኛው ቅድመ ሁኔታ እንዳልተሟላ እንመልከት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተጫነ የአደጋ ማቆሚያ፣ ያልተዘጋ የማሽን በር ወይም ከመጠን በላይ ጭነት የጣለው ኦቨርሎድ ነው።

አራተኛ፣ የአውትፑቱ መብራት በርቶ ሞተሩ ካልዞረ በተርሚናሉ ላይ ቮልቴጁ በእርግጥ መውጣቱን እንለካ። ከወጣ ፒኤልሲው ድርሻውን ተወጥቷል። ወደ ፊውዙ፣ ወደ ሪሌው፣ ወደ ኮንታክተሩና ወደ ሞተሩ እንሂድ።

እንደ ሙቀትና ግፊት ያሉ ልኬቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር ባለው መስመር ይመጣሉ። ከዜሮ ሳይሆን ከ4 የሚጀምረው በምክንያት ነው፤ ትንሹ ልኬት 4 ስለሆነ ዜሮ ስናነብ «ግፊት የለም» ሳይሆን «ሽቦው ተቆርጧል» ብለን እንረዳለን።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

በአካባቢያችን መብራት ሄዶ መምጣቱ አዲስ አይደለም። አንዳንድ የቆዩ ፒኤልሲዎች ፕሮግራማቸውን የሚይዙት በባትሪ በሚደገፍ ሜሞሪ ነው። ባትሪው ደክሞ ሳለ መብራት ከሄደ ፕሮግራሙም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የባትሪው ማስጠንቀቂያ መብራት ችላ አይባልም፤ የፕሮግራሙ ቅጂም ከማሽኑ ውጭ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ማሽኑን የሠራው ድርጅት ባሕር ማዶ ቢሆን ያለ ቅጂ መቅረት ስንት ቀን ሥራ እንደሚያስፈታ አስቡት።

የማይነካው መስመር

የአደጋ ማቆሚያ የሚታሰረው ሳይነካ ሲቀር ኤሌክትሪክ እንዲያልፍበት ተደርጎ ነው። ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ ይቆማል እንጂ ሳይቆጣጠሩት አይቀጥልም። ታዲያ ምርት ቆሞ አለቃ ሲያጣድፍ «ለአሁን በሽቦ አገናኘው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ያ ቁራጭ ሽቦ ግን ማሽኑን ሲያስነሣ መከላከያውን ያጠፋል፤ የሚቀጥለው ፈረቃ ሠራተኛም ቁልፉን ሲጫን እንደማይሠራ አያውቅም። በላፕቶፕ አውትፑትን ፎርስ ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ የፕሮግራሙን ቅድመ ሁኔታ ሳይጠብቅ ይነሣል፤ እጁን ማመላለሻው ውስጥ ያስገባ ሰው ግን ከላፕቶፑ ፊት አይታይም።

ስለዚህ ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ ቆልፉት፤ ቁልፉም እጁን በሚያስገባው ሰው ኪስ ይሁን። ኃይል እያለ መለካት ግድ ሲሆን በዚያው ፓነል ውስጥ 380 ቮልት መኖሩን አትርሱ፤ ልምድ ካለው ሰው ጋር እንጂ ብቻችሁን አትሥሩ። አለቃ ቢቆጣ ነገ ይረሳዋል፤ የሠራተኛው እጅ ግን አማና ነው።

በላብራቶሪ ያላችሁን ጊዜ ተጠቀሙበት። ጓደኛችሁ አንድ ሽቦ ሆን ብሎ ይንቀልና እናንተ በመልቲሜትር ፈልጉት። ያገኛችሁትን ብልሽት፣ ምልክቱንና መፍትሔውን በደብተር መዝግቡ፤ ያ ደብተር ሥራ ስትይዙ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።