ወረታ በስድስት ባይት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና ወረታ ሲደርስ መንገዱ ይገነጠላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ ይታጠፋል። እዚያ ካሉት ሱቆች የአንድሮይድ ስልክ ይግዙ። ርካሹን ቢመርጡም ከመስታወቱ ጀርባ ሥራውን የሚያስኬደው ሊኑክስ የተባለው ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ነው። ሩዙን የሸጠ የአካባቢው የፎገራ ገበሬ ሒሳቡን በእንዲህ ያለ ስልክ ሲቀበል፣ ገንዘቡ ዩኒክስ የተባለውን የቆየ ሲስተም ሥርዓት ተከትሎ በተሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በኩል እያለፈ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ይህ ሥርዓት ምን ያህል እንደተስፋፋ አይደለም፤ ምን ያህል ማነስ እንደሚችል ነው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ኮሞዶር 64 የተባለው አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ በ595 ዶላር ለገበያ ሲወጣ ፎገራ ከሩዝ ጋር ገና እየተዋወቀ ነበር። ወፍራም የጽሕፈት ሰሌዳ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ እዚያው ሰሌዳው ውስጥ ነው፣ ስክሪኑም የሳሎን ቴሌቪዥን ነው። ሜሞሪው 64 ኪሎባይት ነው። ሁለት ጊጋባይት ያለው ተራ ስልክ 32,768 እጥፍ ይበልጠዋል። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይመታል። ሲከፈት ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይመጣል፣ አንድ ፕሮግራም ይጫናል፣ እሱ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። አብዛኛው ሰው ጨዋታ ይጫወትበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1993 ዳንኤል ዳልማን የተባለ ፕሮግራመር ለዚህ ማሽን ሉኒክስ የሚባል ዩኒክስ መሰል ሲስተም አወጣ። ብዙ ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ ያስኬዳል፣ ትእዛዝ የሚቀበል ሼል አለው፣ የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው ያቀብላል፣ በሞደም መስመር ኢንተርኔት ላይ እንኳ ይወጣል።

ይህ ቀልድ የሚመስለው የዩኒክስን ልደት ለማያውቅ ሰው ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ቤል ላብስ በተባለው ቤተ ምርምር ውስጥ ሲሠሩት ሜሞሪ እንደ ወርቅ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። ዩኒክስ የተጫነበት የመጀመሪያው ፒዲፒ-11 ኮምፒውተር የነበረው ሜሞሪ 24 ኪሎባይት ነው፤ 16ቱን ሲስተሙ ይዞ ለተጠቃሚ የሚቀረው 8 ብቻ። ኮሞዶር ከዚህ ይሻላል። ስለዚህ ችግሩ የቦታ ጥበት ብቻ አይደለም።

ዋናው ችግር ፕሮሰሰሩ ነው። ብዙ ፕሮግራም አብሮ የሚሄደው አንዱን ከመሃል አስቁሞ፣ የደረሰበትን መዝግቦ፣ ተራውን ለሌላው በመስጠት ነው። ይህን የሚያደርገው በየጊዜው የሚደውል የሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ኮሞዶር ቆጣሪው አለው። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ጅምር ሥራውን የሚያስቀምጥበት ቁልል 256 ባይት ብቻ ነው፣ ቦታውም ከሜሞሪው አንድ ጥግ አይነቃነቅም። ሁሉም ፕሮግራም ይህችን ጥግ ይሻማል፣ ሲስተሙም በየተራው መልሶ መላልሶ ማደላደል አለበት። በዚያ ላይ የማሽኑ ኮድ አድራሻዎችን በቁርጥ ቁጥር ስለሚጽፍ አንድን ፕሮግራም አንስቶ ሌላ ቦታ ማሳረፍ ቀላል አይደለም፤ ሲጫን አድራሻዎቹን አንድ በአንድ ማረም ያስፈልጋል።

ጥበቃም የለም። በዘመናዊ ኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራምና በፕሮግራም መካከል የሚቆም ክፍል አለ፤ የፎገራ ገበሬ በሩዝ ማሳዎቹ መካከል የሚያበጀውን የአፈር ክትር ይመስላል። ኮሞዶር ላይ ክትር የለም። አንዱ ፕሮግራም ከተሳሳተ ክረምት ላይ እንደሞላ ርብ ወንዝ የጎረቤቱን ሁሉ ያጥለቀልቃል፣ ያኔ ማጥፋትና ማብራት ብቻ ነው መፍትሔው። የቤል ላብሱ ፒዲፒ-11ም እንዲሁ ነበር፤ አዲስ ፕሮግራም መሞከር ድፍረት ይጠይቅ እንደነበር ሪቺ ራሱ ጽፏል።

ከውጭ የሚገጠመው ፍሎፒ ማንበቢያ ደግሞ ትዕግሥት ያስተምራል። የራሱ ፕሮሰሰር እያለው በሰከንድ የሚያቀብለው 400 ባይት ገደማ ነው። ቡና ባይፈላም ሻይ ይደርሳል።

አሁን በዚህ ማሽን ላይ «ወረታ» ብለን እንጻፍ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊደሎች መለያ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ 3.0፣ ሲገባ 345 ምልክት ይዞ ነው። የኮሞዶር የፊደል ሠንጠረዥ ግን 256 ምልክት ብቻ ይይዛል። እያንዳንዱ ምልክት ስምንት በስምንት ነጥብ ነው፤ «ሐ»ን ይውሰዱ። ሦስት እግርና ሁለት ክፍተት አምስት ነጥብ ይፈጃሉ። «ሔ» ለማድረግ ቀለበቱ ከቀኝ እግር ወጥቶ ቢያንስ ሁለት ነጥብ ይፈልጋል፣ የቀለበቱ ቀዳዳም አንድ ነጥብ ብቻ ይሆናል። ከሚቀጥለው ፊደል መለያ አንድ ነጥብ ሲጨመር ስምንቱ አለቀ። ሠንጠረዡን ትቶ ስክሪኑን ነጥብ በነጥብ መሣል ይቻላል፤ ዋጋው 8,000 ባይት ነው፣ የሜሞሪው አንድ ስምንተኛ ያህል።

መውጫው የተገኘው በኢሜይል በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢሜይል በደህና የሚያሻግረው 128 ምልክት ያለውን አስኪ ብቻ ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በእነዚህ የላቲን ፊደሎች የሚጽፍ «ሴራ» የተባለ ሥርዓት ዘረጉ። እያንዳንዱ ፊደል በተነባቢና በአናባቢ ይጻፋል፣ ሳድስ ያለ አናባቢ ይቆማል። ትንሹ ቲ «ተ» ነው፣ ትልቁ ቲ «ጠ»። «ወረታ» ስድስት ላቲን ፊደል ይፈጃል፣ ስድስት ባይት ማለት ነው፤ ዛሬ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ዘጠኝ ይሆናል። «ርብ» ሁለት ባይት ይበቃዋል። ትልቁን ቲ በስሕተት የነካ ግን ከተማዋን «ወረጣ» ያደርጋታል። ኮሞዶር ላይ ይህ እውነተኛ አደጋ ነው፤ የትልቅና የትንሽ ፊደል ኮዶቹ ከአስኪ በተቃራኒ ቦታ የተቀመጡ ስለሆኑ ዩኒክስ መሰል ሲስተም በየጊዜው ሲተረጉም መኖር አለበት።

ሴራ ዛሬም በሕይወት አለ። ሊኑክስ ላይ የአማርኛ መጻፊያ ሲመረጥ በስሙ ይገኛል፤ ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ አርታኢም ግዕዝን የሚቀበለው በዚሁ ነው። የሊኑክስን ቋንቋ ወደ አማርኛ አድርጎ ቀን የጠየቀ ሰው የዕለቱን ስም በአማርኛ ያገኛል። ወሩ ግን የፈረንጅ ወር ነው፣ በእኛ ፊደል። መስከረምን ለሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው።

መሞከር የሚፈልግ ተማሪ ኮሞዶር ፍለጋ መሄድ የለበትም። ቫይስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ማሽኑን በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ያስመስላል፣ ሉኒክስም ይሄድበታል። እውነተኛው ማሽን እጁ የገባ ግን የድሮውን ፓወር ሰፕላይ አይሰካ፤ ሲያረጅ አምስት ቮልት መስጠት የሚገባው መስመር ከልክ አልፎ የሜሞሪ ቺፖቹን በማቃጠል የታወቀ ነው። ከዚያ ይልቅ በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን የሚከማቸው 32 ቢት ኮምፒውተር ለመማሪያ ይመቻል። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለእነዚህ ማሽኖች ሙሉ ሲስተም ማዘጋጀቱን ትቷል፤ ኔትቢኤስዲ የተባለው ሌላ ዩኒክስ መሰል ሲስተም ግን አሁንም ይጫንባቸዋል።