«ስሜን ጠራሽልኝ ወይ?»

በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ እናቴን ይዤ ኢየሩሳሌም ሄጄ ነበር። ሰው ስለዚያ ጉዞ ሲጠይቀኝ ስለ ጎልጎታ፣ ስለ ቤተልሔም፣ ስለ ዮርዳኖስ እነግረዋለሁ። ዛሬ ግን ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ስልኬ ነው። ዐሥር ቀን ሙሉ ከእጄ ስላልወጣው፣ ወንድሜን ስላስደነገጠው፣ እናቴን ስላስቆጣት፣ አንዲት የማከብራቸውን እናት ደግሞ ስላስለቀሰው ስልክ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእቁብ ነው። እናቴና እኛ ልጆች «እታባ» እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን በአንድ አጥር ተለያይተው አርባ ዓመት ኖረዋል። ልጅ ሲወለድ አብረው ገንፎ አገንፍተዋል፣ ሰው ሲሞት ጎን ለጎን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። የአንድ ጽዋ ማኅበርም አባላት ነበሩ። ኢየሩሳሌምን አብረው ሊሳለሙ ተነጋግረው ከጡረታቸው እየቀነሱ እቁብ ገቡ። ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። የሁለቱም ዕጣ ወጣ፣ ፓስፖርት አወጡ፣ ነጭ ልብስ አሰፉ። ጉዞው አንድ ወር ሲቀረው ግን ሐኪም እታባን «ልብዎ ደክሟል፤ ይህን ሁሉ መንገድና ደረጃ አይችሉትም» አላቸው።

እናቴ «እንግዲያውስ እኔም እቀራለሁ» አለች። እታባ ተቆጧት። «ሁለታችንም ከቀረን ማን አይቶ ይነግረኛል?» አሏት። እናቴን ብቻዋን መልቀቅ ስላልተቻለ በእሳቸው ቦታ የሄድኩት እኔ ነኝ።

የመሄጃችን ቀን እታባ አንድ የታጠፈ ነጠላና የልጅ ልጃቸው የጻፈችላቸውን ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ላይ የማኅበርተኞቹ የክርስትና ስም ተደርድሯል፤ የሞቱትም አልቀሩም። «ነጠላዬን ዮርዳኖስ ንከሪልኝ። ስማችንን ዴር ሱልጣን ጥሪልን» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንቺ የምታዪውን ሁሉ አሳዪኝ» አሉኝ።

እኔም አደራውን ተቀበልኩ። እንዴት እንደምወጣው ግን አልገባኝም ነበር።

በቀን አርባ ፎቶ

ከመነሣታችን በፊት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ። የማኅበሩን እናቶች በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ስልክ አስገባኋቸው። እህቴን፣ ዋሽንግተን ያለውን ወንድሜን፣ የአጎቴን ልጆችም ጨመርኩ።

የመጀመሪያውን ፎቶ የላክሁት ከቦሌ ነው። እናቴ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ እጇን ታውለበልባለች። የአየር ማረፊያው መንገድ ረጅም ስለሆነ ለአረጋውያን ወንበር ቀድሞ ማስመዝገብ የተለመደ ነው፤ እናቴ እግሯ ጤነኛ ነበር። «ጉዟችን ተጀመረ!» ብዬ ጻፍኩና ስልኬን አጠፋሁ። አራት ሰዓት በረርን። ቴልአቪቭ ደርሰን ስከፍተው ወንድሜ ዐሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል። «እማዬ ምን ሆነች? ከመቼ ወዲህ ነው መራመድ ያቃታት? ለምን ደበቃችሁኝ?» ለእህቴም ደውሎ ከእንቅልፏ ቀስቅሷታል፤ እሷም ደንግጣ ሌሎቹን ቀስቅሳለች። እኛ ከደመና በላይ ተመቻችተን ስንተኛ ዘመድ ሁሉ ቁጭ ብሎ አድሯል።

በዚህ መማር ነበረብኝ፤ አልተማርኩም። ሆሳዕናን ከነዘንባባው፣ ናዝሬትን፣ ደብረ ታቦርን፣ የጥብርያዶስን ባሕር ከነጀልባው በላይ በላዩ ላክሁ። በቀን እስከ አርባ ፎቶ ይደርስ ነበር። የሆቴሉን የቁርስ ጠረጴዛ የላክሁ ዕለት ከማኅበርተኞቹ አንዷ «ያ ነጩ ነገር አይብ ነው እንዴ? በሕማማት?» ብለው አስጻፉ። ጠረጴዛው ለእንግዳው ሁሉ የተዘረጋ እንደሆነ፣ እኛ የበላነው ሽንብራና ሰላጣ እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። የአይሁድ ፋሲካ ሳምንት ስለነበር ዳቦ እንደሌለና በየሆቴሉ ቂጣ እንደሚቀርብ ስነግራቸው ግን ደስ አላቸው፤ «ኦሪቱስ እዚያው ነው» አሉ።

ዮርዳኖስ ላይ ነገሩ መረረ። ከቡድናችን አንድ ሰው እናቶቹ ከውኃው ሲወጡ አንሥቶ ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። እናቴ ፀጉሯ ተገልጦ፣ ነጭ ልብሷ ከሰውነቷ ጋር ተጣብቆ ትታያለች። ፎቶው ዞሮ ዞሮ እኛው ግሩፕ ውስጥ ገባ። «ማንን ጠይቆ ነው?» አለች እናቴ። «ሰባ ዓመት ተከናንቤ ኖሬ ዛሬ ተገልጬ ልታይ?» ሰውዬውን ነገርኩት፤ ደግ ሰው ነው፣ ወዲያው አጠፋው፣ ጉልበቷንም ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ግን ከእጅ የወጣ ነገር አይመለስም። እናቴ ደግሞ እኔንም አየችኝ። የእኔም ፎቶዎች ሲላኩ አንድ ቀን ፈቃዷን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል እታባ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሌሎቹ «እልልል»፣ «በረከታችሁ ይድረሰን» ሲሉ እሳቸው ዝም። የልጅ ልጃቸው ማክሰኞ ማታ ለብቻዬ ጻፈችልኝ። «እትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። አያቴ ፎቶዎቹን እያየች ታለቅሳለች። አውቶቡስ ውስጥ ያላችሁበትን እያሳየችኝ 'እኔ የምቀመጥበት ወንበር ያ ነበር' ትላለች። መድኃኒቷንም በሰዓቱ አልወስድም እያለች አስቸገረችን።»

ለእናቴ አነበብኩላት። ብዙ ዝም አለችና «ነጠላዋን ስነክር አንሥተሽኛል?» አለችኝ። የዮርዳኖስን ስድሳ ፎቶ አንድ በአንድ አየሁ። የለም። እኔ ሰው አሰልፌ ሳነሣ እሷ ብቻዋን ዳር ሄዳ ነክራው ነበር።

«አሳዪኝ ያለችሽ እኮ እኛን አይደለም» አለችኝ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት

ያን ማታ ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ ያዘችው። የድምፅ መቅጃውን ተጭና እንዳትለቀው አሳየኋት። እንዲህ አለች፦ «አንቺ፣ ነጠላሽን ነክሬልሻለሁ። ውኃው እንዳሰብነው ሰፊ አይደለም፤ ጠባብ ነው፣ ድፍርስ ነው። ሦስት ጊዜ ነከርኩት። ጭቃ ነክቶታል፤ አላጠብኩትም፣ እንዲሁ አመጣልሻለሁ። ዳሩ ያንሸራትታል፣ ብትመጪ ኖሮ እኔው እይዝሽ ነበር።»

ዐሥር ደቂቃ አልሞላም። የእታባ ድምፅ መጣ። በአምስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያቸው ነው። «ስሜን ጠራሽልኝ ወይ?»

እናቴ ሳቀች። «ገና ነው። ለዴር ሱልጣን አስቀምጬዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ፎቶውን በቀን ወደ ሦስት ዝቅ አደረግሁት። ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን እናቴ የቀኑን ትነግራቸዋለች። በዚያ ወቅት የእስራኤል ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን በር ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እንደሚገባ፣ ኪዳነ ምሕረት ክብ መሆኗንና ስትገባ አገሯ የገባች እንደመሰላት፣ ዴር ሱልጣን ከጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ እንዳለና የመነኮሳቱ በር ከእሷ ማጀት በር እንደሚያንስ ነገረቻቸው። እታባም ይጠይቃሉ፦ «ቀዝቃዛ ነው? ምን ይሸታል? መነኮሳቱ ከስተዋል?» የልጅ ልጃቸው «አያቴ መድኃኒቷን ከድምፁ በኋላ ትወስዳለች» ብላ ጻፈችልኝ።

ዝም ያልንበት ማታ

ዓርብ ስቅለት ስንሰግድ ዋልን። ማታ በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገድ ስንመለስ የድንጋዩ ንጣፍ የብዙ ዘመን እግር አልስልሶታል፤ እናቴ አዳለጣትና በእጇ ላይ ወደቀች። ክሊኒክ ወሰድናት። አንጓዋ ተሰንጥቋል ተባለ፣ ጀሶ ተደረገላት። ሆቴል ስንገባ ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል።

«ለእሷ እንዳትነግሪያት። ልቧን ታውቂያለሽ» አለችኝ። እኔም ግሩፑ ላይ «ዛሬ ደክሞናል፣ ነገ እንገናኝ» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ማለዳ እታባ ራሳቸው ደወሉ። «ሁለት ሰዓት ላይ ድምፅ አልመጣም። ሦስት ሰዓት ጠበቅሁ፣ አራት ሰዓት ጠበቅሁ። ደክሟቸው ነው አሉኝ። አርባ ዓመት አውቃታለሁ፣ ደክሟት ሳትነግረኝ ተኝታ አታውቅም። ሞታ ነው የምትደብቁኝ ብዬ አደርኩ።» ስልኩን የተቀበለችው የልጅ ልጃቸው ሌሊቱን ደረታቸውን ወግቷቸው ሐኪም ቤት ሊወስዷቸው ጥቂት ቀርቷቸው እንደነበር ነገረችኝ። ለልባቸው ብለን የደበቅነው ነገር ልባቸውን ይዞት አደረ።

እናቴ ስልኩን ወስዳ እውነቱን ነገረቻቸው። እታባ ትንሽ ዝም ብለው «እጅ ነው? እጅማ ይድናል» አሉ። ከዚያ «ቅዳሜ ነው ዛሬ። ወረቀቱን እንዳትረሺው» አሏት።

ቅዳሜ ማታ የእኛ ሰዎች ዴር ሱልጣን ጣሪያ ላይ ድንኳን ውስጥ ተሰብስበው የትንሣኤውን ሥርዓት ያደርሳሉ። ከበሮው፣ ጃንጥላው፣ የሰው ሁሉ ጧፍ በዚያ ጠባብ ቦታ ይሰበሰባል። እኔ ፎቶ አላነሣሁም። እታባ ጋ ደውዬ ስልኩን ከእናቴ አፍ አጠገብ ያዝኩ። በአንድ እጇ ወረቀቱን ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው የእታባ የክርስትና ስም ነበር። ከዚያ የሌሎቹ፣ ከዚያ የሞቱት። ከዚያኛው በኩል ለብዙ ጊዜ ምንም አልተሰማም። መጨረሻ ላይ «አሜን» አሉ፣ ስልኩም ተዘጋ።

ወላጅ ለምትልኩ

ዛሬ ብዙ ቤተሰብ እናት አባቱን ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ መካ፣ ልጅ ወዳለበት አገር ይልካል። በእኔ ስህተት የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ወሬ አቀባዩ አንድ ሰው ይሁን፣ ሰዓቱም የታወቀ ይሁን። በሰዓቱ የሚመጣ አንድ ቃል ከአርባ ፎቶ ይሻላል። አውሮፕላን ውስጥ ስልክ የሚጠፋበትን ሰዓትም ቀድማችሁ ንገሩ።

ሁለተኛ፣ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። እናት አባታችን ስልክ ባይነኩም ክብራቸው የራሳቸው ነው። አብሯችሁ ለሚጓዘው ሰውም «እናቴን ያለ ፈቃድ እንዳትለጥፋት» ብሎ በመጀመሪያው ቀን መናገር ነውር የለውም። ቦታውም ሕግ አለው፤ ለምሳሌ በአይሁድ ሰንበት ምዕራባዊው ግንብ አጠገብ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው።

ሦስተኛ፣ ክፉ ወሬ ሲኖር አትደብቁ፤ ግሩፕ ላይም አትበትኑት። ቤት ካለው ሰው አንድ ልብ የሚችል ምረጡና ለእሱ በስልክ ሙሉውን ንገሩት፤ ለሌሎቹ፣ በተለይ ለታመመ ሰው፣ አጠገባቸው ተቀምጦ እሱ ይንገራቸው።

አራተኛ፣ ቤታችሁ ባዶ መሆኑን ለማያውቃችሁ ሰው ሁሉ አታውጁ። የፓስፖርቱ ቅጂ፣ የጉዞ መድኑ ወረቀት፣ የቡድን መሪው ስልክ ግን ቤት በቀረ ሰው እጅ ይኑር። በእናቴ አደጋ ሌሊት እህቴ የመድኑን ወረቀት ፎቶ አንሥታ ባትልክልኝ ኖሮ ብዙ እንጉላላ ነበር።

አምስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሆነው፣ የሚቀረውን ሰው አስቡት። መቅረት ፈልጎ ያልቀረ ሰው የእናንተን ሣቅ ብቻ ሲያይ ይከፋዋል። «ይህን አድርጊልኝ» ያለውን አድርጉለት፣ ማድረጋችሁንም ንገሩት።

ስንመለስ እታባ ፎቶዎቹን አሳዪኝ አላሉም። ነጠላውን ተቀብለው የጭቃውን ቦታ በጣታቸው ፈለጉ። ከዚያ ቡና አስፈልተው እናቴን «ከቦሌ ጀምሪልኝ» አሏት። ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጀ። ከሰባት መቶ በላይ ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ፤ እስካሁን ቁጭ ብሎ ያየው ሰው የለም።

እታባ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያው ነጠላ ተገነዙ። የልጅ ልጃቸው ድምፆቹን ሁሉ አስቀምጣቸዋለች። እናቴ አንዳንድ ማታ ትጠራትና «እስኪ ያቺን ክፈቺልኝ» ትላታለች። ሁሉንም አትሰማም። የምትፈልገው ያቺን አጭሯን ብቻ ነው።

«ስሜን ጠራሽልኝ ወይ?»

«ጠርቼልሻለሁ» ትላለች እናቴ፣ ለስልኩ።