ደረጃ መውጣት ለተሳነው ታካሚ፦ በእንግሊዝ አገር ለስቴርሊፍት የሚሰጠው ድጎማና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

በእንግሊዝ አገር ብዙዎቹ የመኖሪያ ቤቶች ፎቅ ያላቸው ሲሆኑ፣ ሳሎንና ማእድ ቤት ከታች፣ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ከላይ ይገኛሉ። በስትሮክ፣ በመገጣጠሚያ ብግነት ወይም በልብ ድካም ምክንያት ደረጃ መውጣት የተሳነው ሰው የገዛ ቤቱን ግማሽ ያጣል። ሳሎን ውስጥ መተኛት፣ በፖፖ መጠቀምና ገላውን በእርጥብ ፎጣ መጥረግ የዕለት ኑሮው ይሆናል። እንደምንም ልውጣ ቢል ደግሞ የመውደቅና የዳሌ አጥንት ስብራት አደጋ ይጠብቀዋል።

ስቴርሊፍት በደረጃው ጎን በተዘረጋ ሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ሽቅብና ቁልቁል የሚጓዝ መቀመጫ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያውን ለማስተከል የሚሰጠውን ድጎማ አሠራር ማብራራትና የጤና ባለሙያው ማስረጃ እንዴት ቢዘጋጅ ታካሚውን እንደሚጠቅም ማመልከት ነው። ጉዳዩ በዚያ አገር ለሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቻችን፣ እንዲሁም ከባሕር ማዶ ዘመዶቻቸው ምክር ለሚጠየቁ ሁሉ ይጠቅማል።

የድጎማው ሕጋዊ መሠረት

ድጎማው ዲሴብልድ ፋሲሊቲስ ግራንት ይባላል። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ የቤቶች ሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረውም ካውንስል የተባለው የአካባቢ መስተዳድር ነው። መስፈርቱን ላሟላ አመልካች ካውንስሉ የመክፈል ግዴታ ስላለበት፣ ድጎማው መብት እንጂ ችሮታ አይደለም። ከፍተኛው መጠን በእንግሊዝ 30,000 ፓውንድ፣ በዌልስ 36,000 ፓውንድ ነው። ስኮትላንድ የራሷ የተለየ ሥርዓት አላት።

ካውንስሉ ሁለት ነገሮችን ያጣራል። አንደኛው ሥራው ለአካል ጉዳተኛው አስፈላጊና ተስማሚ መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከቤቱ ዕድሜና ሁኔታ አንጻር በተግባር ሊሠራ የሚችል መሆኑን ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ወደ ቤት መጥቶ ምርመራ ያደርጋል።

የገቢ ምዘና

ታካሚው ለአካለ መጠን የደረሰ ከሆነ የእርሱና የትዳር ጓደኛው ገቢና ቁጠባ ይመዘናል። ከቁጠባው የመጀመሪያው 6,000 ፓውንድ አይቆጠርም። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን የወላጆች ገቢ አይመዘንም። በተለይ ሊታወቅ የሚገባው፣ እናት በልጃቸው ቤት ቢኖሩ የሚመዘነው የእናትየው እንጂ የልጅየው ደመወዝ አለመሆኑ ነው። ይህን ባለማወቅ ገና ሳያመለክት ተስፋ የሚቆርጥ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል።

የማመልከቻው ሂደት

የቤቱ ባለቤትም ሆነ ተከራይ ማመልከት ይችላል። ተከራይ ከሆነ የአከራዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከማመልከቻው ጋር ታካሚው በቤቱ ውስጥ ለ5 ዓመት፣ ወይም ጤናው እስከፈቀደለት ጊዜ ድረስ፣ ለመኖር ማሰቡን የሚገልጽ ማረጋገጫ ይያያዛል። በመደበኛው አሠራር የሁለት ተቋራጮች የዋጋ ግምትም ይቀርባል።

ካውንስሉ የተሟላ ማመልከቻ ከቀረበለት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ውሳኔውን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ጊዜው የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባበት ቀን እንጂ ስልክ ከተደወለበት ቀን ስላልሆነ፣ ቅጹን በወቅቱ ሞልቶ ማስገባት ይገባል። ከሁሉ በላይ ድጎማው ሳይፈቀድ ሥራ መጀመር አይገባም፤ አስቀድሞ ለተጀመረ ሥራ በመሠረቱ ክፍያ አይፈቀድምና።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

«ታካሚዋ የስኳር ሕመምና ስትሮክ አለባቸው» የሚል ደብዳቤ የበሽታውን ስም ይነግራል እንጂ ስለ ደረጃው የሚለው ነገር የለም። የሚጠቅመው የአቅም መግለጫ ነው። ለምሳሌ «በቀኝ በኩል ድካም ስላለባቸው ያለ ረዳት ከሦስት ደረጃ በላይ መውጣት አይችሉም፤ ባለፉት 6 ወራት ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ ሽንት ቤቱ የሚገኘው ከላይ ብቻ ነው» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሕመሙ እየጠና የሚሄድ ከሆነም ይኸው መገለጽ አለበት።

ሌላው የባህላችን ጉዳይ ነው። አንድ አረጋዊ ስለ ጤናቸው ሲጠየቁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት ወጋቸው ነው። እንግዳ ፊት በደረቱ እየተሳበ ደረጃ መውጣቱን መናገር የሚያሳፍረውም አይጠፋም። የሚያስተረጉመው ልጅም ለወላጁ ክብር ሲል ሽንት ያመለጣቸውን ዕለት ሳያነሣ ያልፋል። መርማሪው የሰማውን ስለሚጽፍ፣ በጨዋነት የተነገረው ቃል ማመልከቻውን ሊያስጥል ይችላል። ስለሆነም ከምርመራው በፊት ታካሚውን አረጋግቶ በከፋው ቀን የሚሆነውን እንዲናገር መምከር፣ ከቤተሰብ ውጭ የሆነ አስተርጓሚ እንዲቀርብ ማሳሰብም ተገቢ ነው።

መሣሪያው ለሁሉም እንደማይስማማም መታወቅ አለበት። ታካሚው ተደግፎም ቢሆን መቀመጥና መነሣት፣ ሚዛኑን ጠብቆ መቆየት፣ ቀበቶውን ማሰርና መቆጣጠሪያውን መጠቀም መቻል ይኖርበታል። የመርሳት ችግር ወይም በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የሚጥል በሽታ ካለ አደጋው በጥንቃቄ ይመዘን። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው ወንበሩን ይዞ ከወለል ወደ ወለል የሚወጣ ሊፍት፣ ወይም ከታች መታጠቢያ ቤት ማሠራት ሊሻል ይችላል።

ማጠቃለያ

ሐኪም ታካሚውን ከሆስፒታል ሲያሰናብት ስለ መድኃኒቱ እንደሚጠይቅ ሁሉ «ቤትዎ ስንት ደረጃ አለው? የሚተኙትስ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ከዚያም የሰማውን በግልጽ ቃል መጻፍ አለበት፤ አንዲት አንቀጽ ታካሚው ወደ መኝታው ለመመለሱ ምክንያት ልትሆን ትችላለችና።