ስምንቱ ባይቶች ከየት መጡ?

እ.ኤ.አ. በ2021 ጀርመን ውስጥ ድረ ገጾችን ለሚያስተናግድ አንድ ድርጅት የደንበኛ አቤቱታ ደረሰ፤ ያወረድኩት የሎግ ፋይል አልከፈት አለኝ የሚል። ፕሮግራመሩ ማክስ ኬለርማን ፋይሉን ሲያየው ይዘቱ ደህና ነው፤ የተበላሸው መጨረሻው ላይ ያለው የማረጋገጫ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን አስተካክሎ ጉዳዩን ዘጋው። ከወራት በኋላ ያው ብልሽት ተመለሰ፤ ደግሞም ተመለሰ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሃርድ ዲስኩን ወይም ራሙን ጥፋተኛ አድርጎ ያልፋል። ኬለርማን ግን የተበላሹትን ፋይሎች ሰብስቦ አስተያያቸው። መጨረሻቸው ላይ ተመሳሳይ ስምንት ባይቶች ተቀምጠዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፒ እና ኬ የሚሉት ፊደላት፣ የዚፕ ፋይል መለያዎች ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ የወሩ የመጨረሻ ቀን ሎጎች ናቸው። በአጋጣሚ የሚመጣ ብልሽት እንዲህ ቀን አይመርጥም። ድርጅቱ የወሩን ሎጎች በአንድ ዚፕ ጠቅልሎ ለማውረድ የሚያቀርብ አገልግሎት ነበረው፤ ከመጨረሻው ቀን ሎግ ቀጥሎ የሚጻፈውም የዚፑ ማውጫ ነው። ዚፑን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ግን ሎጎቹን ከማንበብ በቀር የመጻፍ ፈቃድ የለውም። ታዲያ ማን ጻፈባቸው?

የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ የሊኑክስ ከርነል ራሱ ነው። ከርነሉ የተነበበን ፋይል 4 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ከፍሎ ራም ላይ ያቆየዋል፤ ቀጥሎ ፋይሉን የሚፈልግ ፕሮግራም ዲስክ ሳይነካ ከዚያው ያነባል። ይህ ፔጅ ካሽ ይባላል። ስፕላይስ የተባለው ትእዛዝ ደግሞ ፋይልን ወደ ፓይፕ፣ ማለትም ዳታ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላው ወደሚተላለፍበት መስመር፣ ሲልክ ይዘቱን አይቀዳም፤ ፓይፑን ወደዚያው ገጽ ይጠቁመዋል። ፍጥነቱም አደጋውም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ፓይፑ በያዘው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ «እዚህ መጨመር ይቻላል» የሚል ምልክት ሊኖር ይችላል። ለፓይፑ የራሱ ገጽ ይህ ትክክል ነው፤ ከፋይል ለተዋሰው ገጽ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ስፕላይስ የፋይሉን ገጽ ሲያስገባ የቀድሞውን ምልክት አያጠፋም ነበር። የትናንቱ ትምህርት እንዳልተደመሰሰበት ጥቁር ሰሌዳ፣ አሮጌው ምልክት ባለበት ቀርቶ ለአዲሱ ገጽ ይሠራል። ስህተቱ ኮዱ ውስጥ የገባው በ2016 ሲሆን ለጉዳት የበቃው በ2020 በወጣው ሊኑክስ 5.8 ነው።

ኬለርማን ይህን ያረጋገጠው በሁለት እጅግ አጫጭር ፕሮግራሞች ነው። አንዱ አንድ ፋይል ላይ የኤ ፊደልን ደጋግሞ ይጽፋል። ሌላው ያንኑ ፋይል ለንባብ ብቻ ከፍቶ በስፕላይስ ወደ ፓይፕ ይልክና ፓይፑ ላይ የቢ ፊደልን ይጽፋል። ቢዎቹ ፋይሉ ውስጥ ተገኙ! ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ዚፕ የለ፣ ሎግ የለ፣ ድርጅት የለ፤ ማንም በራሱ ኮምፒውተር ደግሞ ሊያየው የሚችል ጥርት ያለ ማስረጃ።

ውጤቱ ከባድ ነበር። የተጠቃሚዎች መዝገብ ያለበትን ፋይል ማንም ማንበብ ይችላል፤ በዚህ ጉድለት ግን ተራ ተጠቃሚም ሊለውጠውና የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን ሊይዝ ይችል ነበር። ገደብም ነበረው፤ በዚህ መንገድ ፋይልን ማስረዘም አይቻልም ነበር። የደንበኛው ሎግ ላይ የተበላሹት ስምንት ባይቶች ብቻ የሆኑትም ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ሎጉን በስፕላይስ ወደ ፓይፕ ሲልክ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ ያለባቸውን የፋይሉን የመጨረሻ ስምንት ባይቶች ዚፑ ስለማይፈልጋቸው ይተዋቸዋል፤ ማውጫው እነሱ ላይ አርፎ ፋይሉ ሲያልቅ ይቆማል።

ኬለርማን ጉድለቱን ለከርነሉ የደኅንነት ቡድን ያሳወቀው በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2022 ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ጥገናው ወጣ፤ ምልክቱን ዜሮ የሚያደርግ አንድ መስመር፣ በሁለት ቦታ። ለጉድለቱ የተሰጠውን ደርቲ ፓይፕ የሚለውን ስም ሕዝብ የሰማው በማርች 7 ነው፤ ጥገናው ወደየማሽኑ መድረስ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል።