የአሮጌ መኪና ጢስ ማውጫ ሲያፈስ

በሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ በብረት ቧንቧ ተመርቶ፣ በማርሚታው ውስጥ አልፎ፣ ከመኪናው በስተኋላ እንዲወጣ ሆኖ ተሠርቷል። ቧንቧው ሲበሳ ወይም መጋጠሚያው ሲላላ ግን ጢሱ መንገዱን ሳይጨርስ ከመካከል ያፈተልካል። ብዙ ባለመኪናዎች ይህን እንደ ጩኸት ብቻ ይቈጥሩታል፤ መኪናው እህልና ማዳበሪያ እስካመላለሰ ድረስ ቢጮኽስ ምን ይጎዳል ይላሉ። ጉዳቱ ግን ከጆሮ ይልቅ በደም ላይ ነው።

በጢሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር አለ። መልክ የለውም፤ ሽታም የለውም። ሰው ሲተነፍሰው ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኀይል ከደም ጋር ስለሚጣበቅ፣ ደሙ ለሰውነት ኦክስጅን ማመላለስ ያቅተዋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። የቤንዚን ሞተር ከናፍጣው ይልቅ ይህን አየር አብዝቶ ያወጣል፤ ይሁን እንጂ የናፍጣውም ጢስ የሚናቅ አይደለም።

አንድ የክረምት ቀን ከገበያ ስንመለስ፣ ሸራ ለብሶ በተዘጋው በኋለኛው ክፍል የተቀመጡ ሁለት ልጆች ማስመለስ ጀመሩ። የመንገዱ መንገጫገጭ ነው አልን። መኪናው ቆሞ ሸራው ሲገለጥ ልጆቹ ጥቂት ቆይተው ተሻላቸው፤ እንደ ገና ስንጓዝ ግን እናታቸውንም ራሷን አመማት። በማግሥቱ ከሥር ስንመለከት ከማርሚታው በፊት ያለው ቧንቧ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። ስለዚህ ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ በመኪና ውስጥ ቢታመም፣ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ሞተሩን ማጥፋት፣ የጠናበትንም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል፤ የሚወሰደውም በሌላ መኪና ነው።

ቀዳዳውን ለመፈለግ የሚመቸው ጊዜ ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ በጧት ነው። መኪናው በሜዳ እንጂ በተዘጋ ቤት ወይም ጭድ በተከመረበት አጠገብ አይነሣ። ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው በድንጋይ ይደገፍ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ማዳመጥ ነው። ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ነዳጅ ሲሰጠው የሚፈጥን፣ ሞተሩ ሲሞቅ ግን የሚቀንስ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው ማኒፎልድ የተባለው የጢስ መሰብሰቢያ ብረት ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት ላይ ነው። ብረቱ በሙቀት ሲሰፋ ክፍተቱን ይደፍነዋልና። የቫልቭ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይጠፋም።

ቧንቧው ሳይግል አንድ ሰው ወፍራም ጓንት አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ በታጠፈ እርጥብ ጨርቅ የጢስ ማውጫውን አፍ ለጥቂት ሴኮንድ ጫን ብሎ ይያዝ። ጢሱ መውጫ ሲያጣ በቀዳዳው በኩል ሽሽ ይላል። በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ቢቀባ አረፋ የሚነሣበት ቦታ እርሱ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በመጋጠሚያው ዙሪያ የተረጨ ጥቁር ጥላሸት ይመሰክራል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ።

ቧንቧው በትንሹ ብቻ የተበሳ ከሆነ ቆርቆሮ ጠቅልሎ በሁለት ፋሼታ ማሰር ወደ ጋራዥ ያደርሳል፤ ከዚያ አያልፍም። ጥገናውን በብየዳ ለመጨረስ መጀመሪያ ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ይገባል። የሚሰባበር ከሆነ ዝገት በልቶታልና ብየዳ አይይዘውም፤ ተቈርጦ በስፋቱ እኩል የሆነ ቧንቧ ይተካ። በኤሌክትሪክ ከመበየድ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ ነዳጅ ታንክ አጠገብ ከሆነም ቧንቧው ወርዶ ከመኪናው ርቆ ይበየድ።

የማኒፎልዱ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። በቤንዚን በሚሠራው በአሮጌው ላንድክሩዘር፣ ቱ ኤፍ በተባለው ሞተር፣ አየር ማስገቢያውና ጢስ ማውጫው በአንድ ወገን ሆነው በአንድ ጓርኒሲዮን ላይ ያርፋሉ፤ ስለዚህ አንዱን ለመጠገን ሁለቱንም ማውረድ ግድ ነው። ብሎኖቹ ዝገው ስለሚጣበቁ ማታውን የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ይቀቡ፤ ጧት እንቢ ካሉ ደግሞ ይቀቡ። በጉልበት የተፈታ ብሎን ቴስታታው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ የአንድ ቀኑን ሥራ የሳምንት ሥራ የሚያደርገውም ይህ ነው።

የድሮ ጓርኒሲዮን አዝቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ዐቧራው ሳንባን ስለሚጎዳ በውሃ ሳይርስ አይፋቅ፤ በአየር ግፊትም አይነፋ። ፊቱ ከጸዳ በኋላ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ መጥመሙን መመልከት ይገባል። የጠመመው በመፍጫ ማሽን ካልተስተካከለ አዲሱም ጓርኒሲዮን ቶሎ ይቃጠላል። ማኒፎልዱ ራሱ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፣ የብረት ቀልጦ ሥራ በመሆኑ ተራ ብየዳ ሲቀዘቅዝ እንደ ገና ይሰነጥቀዋል፤ እኛ በደህናው መለወጥን እንመርጣለን።

ሲገጠም ብሎኖቹ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጠበቁ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ይፈተሹ፤ የጧቱም የጨርቅ ፈተና ልጆችን ከኋላ ከማስቀመጥ በፊት ይደገም።