ጨዋታ ቅንጦት አይደለም

በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ጉልበት ያለው ሁሉ ማሳ ይወርዳል፤ ሕፃናት በታላላቆቻቸው እጅ ይቆያሉ። በገንዳ ውሃና በመተማ ስለ ልጆች ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ምግብና ወባ ነው፤ ተገቢም ነው። ጨዋታን ከጥጋብ በኋላ የሚመጣ ቅንጦት ማድረግ ግን ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሳሊ ግራንተም-ማግሬገርና ባልደረቦቿ በጃማይካ፣ ኪንግስተን፣ 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን በአራት ቡድን ከፍለው ለሁለት ዓመት ተከታተሉ፦ አንዱ ተጨማሪ ምግብ፣ አንዱ በየሳምንቱ ቤት ለቤት የሚሰጥ የጨዋታ ትምህርት፣ አንዱ ሁለቱንም አገኘ፤ አራተኛው ሁለቱንም አላገኘም። መጫወቻው በአብዛኛው ከተጣለ ዕቃ የተሠራ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ በጨዋታ የታገዙት ካልታገዙት 25 በመቶ ያህል የበለጠ ገቢ ነበራቸው፤ የምግቡ ውጤት ብቻውን ያን ያህል አልዘለቀም።

ለተራበ ልጅ ጨዋታ ምን ይረባዋል የሚል ይኖራል። ምግብ ይቅር ያለ የለም፤ በሁለቱ ዓመት ማብቂያ በአእምሮ እድገት የላቁት ሁለቱንም ያገኙት ናቸው። ጃማይካ ሩቅ ነው ለሚልም፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ 3,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ልጆችን አማራ ክልልን ጨምሮ የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት አለ፤ ከጨቅላነት በኋላ እድገታቸው ያገገመ ልጆች በትምህርት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። የማገገም በር ገና በሕፃንነት አይዘጋም ማለት ነው። እናት ጊዜ የላትም የሚለው ሙግት ግን እውነት አለው። ስለዚህ ልጅን በጨዋታ የማገዝ ሥልጠና ሞግዚት ለሆነችው ታላቅ እህትም ይድረስ፤ የሰሊጥ ነዶ እየቆጠረች፣ የሕፃኑን ድምፅ በቃል እየመለሰች መዋል ትችላለች።